ጠብታ የማያፈስ ቧንቧ

ጉማራ ወንዝ ዳር የውሃ መሳቢያ ሞተር ዘይት ሲቀየር ያየ ሰው፣ ወንዶች ሙያ ስለሚሉት ነገር ምን እንደማስብ ሳልነግረው ይገባዋል። ሁለት ጎልማሶች ሞተሩን በጎኑ ያጋድሙታል። አንዱ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከሥሩ ያለውን ቡሎን ይፈታል። የተቃጠለው ዘይት መጀመሪያ በብረቱ እግር፣ ቀጥሎ በሰውየው ክንድ፣ ቀጥሎ በሱሪው ላይ ይወርዳል፤ የተረፈው ዋልካው አፈር ላይ ይፈስና ወደ ወንዙ ይሄዳል። ቡሎኑ ጭቃ ውስጥ ይወድቅና ሲፈለግ ይዋላል። በመጨረሻ ሁለቱም እጃቸውን በአፈር እያሹ፣ አገር እንዳቀና ሰው እየተንጎራደዱ ይሄዳሉ። ሴት አትችለውም የተባለው ሥራ እንግዲህ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልችለውም ነበር። የሚከብደኝ ግን ሙያው ሳይሆን ሞተሩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻዬን ላጋድመው ሞክሬ ቤንዚኑ ልብሴ ላይ ፈሰሰ፣ ዘይቱም ግማሹ እዚያው ሆዱ ውስጥ ቀረ፣ እኔ ጥላሸት መስዬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ዘይት መቀየሪያው በደረሰ ቁጥር የባሌን ታላቅ ወንድም ያየህን መለመን ግዴታዬ ሆነ።

ባሌ የኋላሸት ሲሞት ልጅ አልነበረንም። የተወልኝ ወንዝ ዳር ያለውን መሬትና ይህን ቀይ ሞተር ነው። ያየህ ማሳው ከእኔ ማሳ ይዋሰናል፤ የራሱም ሞተር አለው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ነገር ግን «አያ ያየህ፣ እባክህ ዘይቱን ቀይርልኝ» ስለው መልሱ ሁልጊዜ «ነገ» ነበር። ነገ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣበታል። ያረጀ ዘይት ሞተር እንደሚገድል ስለማውቅ ደፍሬ አላስነሣውም፤ ሽንኩርቴ ወንዝ አጠገብ ሆኖ ይጠማል። ሲመጣም ዘይቱን ብቻ ቀይሮ አይሄድም።

«ይርጌ፣ ይኸ ነገር ላንች አይሆንም» ይለኛል እጁን በሣር እየጠረገ። «መሬቱን በእኩል ስጭኝ። እኔ ልረስ፣ እኔ ላጠጣ፣ አንች አርፈሽ ግማሹን ብይ።»

አርፎ መብላት ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ። በሐዘኔ ዓመት መሬቱን ያረሰው እሱ ነበር። ድርሻዬን አልነፈገኝም፤ ሩዙን በአህያ ጭኖ ደጄ ላይ አራግፏል። ግን ምን እንደሚዘራ የወሰነው እሱ፣ መቼ እንደሚታጨድ የወሰነው እሱ ነው። እኔ ከየኋላሸት ጋር ጎንበስ ብዬ ባረምኩት ማሳ ድንበር ላይ ቆሜ «በርቱ፣ እንዴት ናችሁ?» ብዬ የማልፍ እንግዳ ሆንኩ። ሌሊት የሚያስለቅሰኝ የባሌ ሞት ይሁን ይህ ነገር መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ተቃጠልኩ። ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሁለተኛ ይህን አላይም ብዬ ማልኩ።

እሱ በእኩል ስጭኝ ሲል፣ እኔ እንቢ ስል ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ፣ በአገሩ ቃላቸው የሚደመጥ አያ ቢሻው ዋርካ ሥር ሰብስበውን ነገሩን ቆረጡት።

«ይኸን በጋ ትሞክረው» አሉ። «ሽንኩርቱን ብቻዋን ካደረሰች መሬቱ በጇ ይቆይ፣ ማንም አይነካባትም። ካልሆነላት ግን ለያየህ በእኩል ትስጥ። ዳግመኛ ክርክር አይነሣ።»

እኔም እሽ አልኩ፣ ያየህም እሽ አለ። እሽ ሲል ግን ወደ እኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «ብቻዋን» ሲባል ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ዘይቱን።

መላው የመጣልኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ የጠበል በርሜል አለ፤ ከሥሩ ትንሽ የነሐስ ቧንቧ ተገጥሞለታል። የመጣው ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፣ በዕቃው ይቀዳል፣ መልሶ ይዘጋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ መሬቱም አይረጥብም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልቀዳ ጎንበስ እንዳልኩ እጄ ቧንቧው ላይ ቀረ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች «ምነው ይርገዱ፣ እዚያው አደርሽ?» ብለው እስኪስቁብኝ ድረስ ቀና አላልኩም።

በማግሥቱ የሞተሩን ቡሎን በመሐረብ ቋጥሬ ወረታ ከተማ ገባሁ። የደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ሰውመሆን የሚባል በያጅ አለ፤ የጋሪና የባጃጅ ስብራት ሲጠግን ይውላል። የምፈልገውን ስነግረው ሳቀ።

«እታለም፣ ሞተሩን በርሜል ልታደርጊው ነው?»

«አዎ፣ በርሜል አድርግልኝ» አልኩት።

ስቆ ሲያበቃ ሠራው። በቡሎኑ ቀዳዳ ልክ ጥርስ ያወጣለት ትንሽ ቧንቧ፣ ጫፉ ላይ አጭር ጎማ የታሰረበት። ሞተሩ የሚቀመጥበት፣ ከሥሩ ጀሪካን የሚያስገባ ረጅም የብረት እግርም በየደልኝ። እግሩን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ስመለስ ባለባጃጁ ምን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ። የወንበር ነው አልኩት።

መጀመሪያ የቀየርኩ ቀን ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ለማን ብዬ እንደለበስኩት አልደብቅም፤ ያየህ እንዲያየው ነው። ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን ጥቂት አስነሥቼ አጠፋሁት። ጎማውን ጀሪካኑ አፍ ውስጥ ከተትኩና ቧንቧውን በሁለት ጣቴ ዞር አደረግኩት። ጥቁሩ ዘይት ድምፅ ሳያሰማ ወርዶ አለቀ። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ የውሃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጬ በእሱ በኩል አዲሱን ዘይት ጨመርኩ። ማሳ ላይ የነበሩት ወንዶች ሥራ ፈተው ያዩኝ ነበር። ሳበቃ ሁለት መዳፎቼን አንሥቼ አሳየኋቸው። የኋላሸት ከሞተ ወዲህ ጮክ ብዬ የሳቅኩት የዚያን ዕለት ነው።

ያየህ መጥቶ ጎንበስ አለና ቧንቧውን ነካ ነካ አደረገው።

«ሰው ቢከፍተውስ?» አለ።

«ማን ምን ቆርጦት?» አልኩት። ወደ ማሳው ተመለሰ።

በእኛ አገር የተቃጠለ ዘይት አይከለከልም። ምስጥ የሚበላው ቋሚ ይቀባበታል፣ የጎተራ እግር ይቀባበታል፣ መዥገር የያዘው በሬ ይታሽበታል። ከጎረቤት እሳት እንደ መጫር ነው፤ ባለቤቱ ከሌለ ወስዶ ኋላ «ወስጃለሁ» ማለት ይበቃል። ድሮ ግን አብዛኛው ዘይት አፈር ላይ ፈሶ ስለሚቀር የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነበር። የእኔ ደግሞ አፈር ያልገባበት፣ በክዳን የተከደነ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ለመጣው ሁሉ ቧንቧውን እየከፈትኩና እየዘጋሁ አሳያለሁ። ኩራት ነው፤ ምን ይደረግ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ እኔን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው አገኘሁ።

ከመጡት አንዱ የንስሐ አባቴ አባ ዓለምብርሃን ናቸው። የኪዳነ ምሕረትን ደጀ ሰላም ምስጥ በልቶት፣ የካቲት ላይ ለሚውለው ንግሥ አዲስ መቃን እያስቆሙ ነበር። የመጡ ዕለት ዘይት እየቀየርኩ ስለነበር ጥቁሩ ወደ ጀሪካኑ ሲወርድ ቆመው አዩት።

«ድንቅ ነው እኮ ልጀ! እንደ ጠበላችን በርሜል አይደል!» አሉ።

«ለታቦቷ ደጅ የሚሆን ከሆነ ሲያሻዎ ይውሰዱ፣ አባ» አልኳቸው መስቀላቸውን ተሳልሜ። «እኔ ብኖርም ባልኖርም።»

ባርከውኝ ሄዱ። ያን ዕለት መቃኑ ገና ስላልቆመ ዘይት አልወሰዱም።

የካቲት ገባ። ሽንኩርቱ ሥሩ ሊቋጥር ውሃ የሚለምንበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይቱን ቀይሬ፣ የሞተሩን ሆድ በአዲስ ዘይት ሞልቼ ገባሁ። በማግሥቱ ጧት ጎረቤቴ ማናዬ ለጎተራዋ እግር ብላ ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት በሙሉ ገልብጣ ወሰደች፤ ባዶውን ጀሪካን ጎማው ሥር መልሳ አስቀመጠችልኝ። እኔ ቤንዚን ልገዛ ወረታ ወረድኩ።

እኩለ ቀን ላይ ተመልሼ ገመዱን ሳብኩ፤ ሞተሩ ተነሣ። ትናንት የሞላሁትን ዘይት ምን ብዬ ልለካ? ውሃው መጣ፣ እኔም ቦዩን ልመልስ ወደ ታች ወረድኩ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጎረነነ። ቀጥሎ አቃሰተ። አካፋዬን ጥዬ ስሮጥ ደረቅ ብረት ሲነካከስ ሰማሁና ሞተሩ ቀጥ አለ። ገመዱን ብስብ ብስብ ንቅንቅ አልል አለኝ። እጄን ባስጠጋው አቃጠለኝ።

ያየህ ከማሳው እየሮጠ መጣ። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ በጣቱ ዳበሳት፤ ደረቅ ናት። ከሥሩ ተንበርክኮ ቧንቧውን አየ፤ ተዘግቷል። መሬቱን በመዳፉ ዳበሰ፤ ጠብታ የለም። ጀሪካኑን አንሥቶ ነቀነቀ፤ ባዶ ነው።

«አሮጌውን አፍስሰሽ አዲሱን ሳትጨምሪ ነው ያስነሣሽው» አለኝ።

«ጨምሬአለሁ! ይኸው የአዲሱ ዘይት ጠርሙስ!»

«ያለፈው ጊዜ ጠርሙስ ይሆናል፣ ይርጌ።»

እንደ ድሮው ሞተሩን አጋድመን የምንቀይር ቢሆን ኖሮ፣ ከሆዱ የወጣ ዘይት ሁሉ መሬቱን አጥቁሮት ይታይ ነበር። የእኔ መላ ግን ንጹሕ ነው፤ ያ ሁሉ ዘይት ሲሄድ አፈሩ ላይ ምልክት አልተወም። ሰውመሆንም ከወረታ መጥቶ ቧንቧውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ በጨርቅ ጠርጎ አየ። «እታለም፣ ቧንቧው አያፈስም» አለ። ሥራውን ሲያድን እኔን ገደለኝ። የሞተሩ ሆድ ዕቃ ተነካክሷል፣ መለዋወጫው እስኪገኝ ሽንኩርቱ አይጠብቅም።

ታዲያ እኔ ማንን ልጠርጥር? «ሰው ቢከፍተውስ?» ያለኝ ማን ነው? ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር እንደተቀመጡ ተነሥቼ «ቧንቧዬን የከፈተው ያየህ ነው» አልኩ። ያየህ ቀይ ፊቱ አመድ ሆነ። ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ፣ «ነክቼው እንደሆን ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ» ብሎ ማለ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ። አባ ዓለምብርሃን ቢኖሩ ከጎኔ ይቆሙ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እሳቸው ግን ለንግሡ ካህናት ሊጠሩ ወደ አንበሳሜ ሄደዋል።

«መርሳት የሰው ነው፣ ይርጌ» አሉ አያ ቢሻው ረጋ ብለው። «በሰው ማላከክ ግን ደግ አይደለም።»

ከዚያም በኋላ እጄን አልሰጠሁም። ከወንዙ በጀሪካን እየተሸከምኩ አጠጣሁ። ጀርባዬ እስኪላጥ ተሸከምኩ፤ የላይኛው መደብ ሲርስ የታችኛው ይሰነጠቃል። የሽንኩርቱ ቅጠል ከጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ እጄን በአየር ላይ አንቀሳቅሳለሁ፤ ቧንቧ ዘጋሁ፣ ክዳን ፈታሁ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ እላለሁ። ሰው ደጋግሞ ረስተሻል ሲለኝ፣ በመጨረሻ እኔም ራሴን ሳላምን ቀረሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የንግሡ ዋዜማ ጧት አያ ቢሻው ቤት ሄጄ «እሽ፣ ይረሰው» አልኩ። ያየህ የዚያኑ ዕለት ሞተሩን አምጥቶ ማሳውን አጠጣ። ጥሩ አድርጎ ነው ያጠጣው።

በንግሡ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። አዲሱ ደጀ ሰላም አምሯል። እንደ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብዬ መቃኑን ስሳለም ከንፈሬ ላይ ቅባት ተጣበቀ። ከፊቴ ያሉትም ሴቶች አፋቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩትና አየሁት። ጥቁር አይደለም። ማር የመሰለ ነው። አሸተትኩት፤ ጭስ የለውም፣ ቤንዚን የለውም። አንድም ቀን ሞተር ውስጥ ያልዞረ አዲስ ዘይት ነው።

አባ ዓለምብርሃን በሩ አጠገብ ቆመው ሕዝቡን እየባረኩ ነበር። አያ ቢሻውና ያየህ ከጎናቸው አሉ።

«አባ፣ ይህን ዘይት ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ካንች ነው እንጅ ልጀ!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ልነግርሽ ሳስብ አንበሳሜ ሄድሁና ረሳሁት። አንች ወረታ ወርደሽ ነበር አሉ። ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ቧንቧውን ብከፍት ግን ደግ ዘይት ወረደልኝ። እንደ ሌላው ጥቁር አይደለም፤ ለታቦት ደጅ ብላ ያዘጋጀችው ነው ብየ መረቅሁሽ። እስኪያልቅ ቀዳሁና ዘጋሁት። ትናንትም የተረፈችውን ደግሜ ቀባኋት።»

መቃኑን ይዤ ቆምኩ፤ እጄም ተቀባ።

«አባ፣ እሱ እኮ ማጠራቀሚያ አይደለም። የሞተሩ ሆድ ነው። ሞተሬን ነው የገደሉት!» ብዬ ጮህኩ። «አያ ቢሻው፣ ሰምተዋል? አልረሳሁም! ጨምሬ ነበር!»

ከበሮው ከውስጥ ይመታል። አባ ዓለምብርሃን አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ መቃኑን አዩ።

«እኔ እኮ ልጀ» አሉ፣ «አንች እንዳሳየሽኝ ነው ያደረግሁ። አንዲት ጠብታ መሬት አላፈሰስሁም።»

አያ ቢሻው ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «በታቦት ቀን ካህን ላይ አይጮህም» አሉ በሹክሹክታ። «አለመርሳትሽን ሰማን። ግን አንች ያየህን ያለ ጥፋቱ ከሰሽ በታቦት አስምለሽዋል። ሽንኩርቱንም ያዳነው እሱ ነው። ቃልሽን ሰጥተሻል፣ ነገሩ አልቋል።»

«ብቻዬን አላደርሰውም ነበር ወይ?» አልኳቸው። ክንዴን ለቀው ወደ ሕዝቡ ተመለሱ። ያየህ ከሩቅ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። ይቅርታ በይኝ ቢለኝ እንኳ እለው ነበር፤ እሱ ግን አላለኝም።

አባ ዓለምብርሃን ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር በጸሎት ስሜን እንደሚያነሡ ይነግሩኛል። መስቀላቸውን እሳለማለሁ። ምን ልበል?

ሽንኩርቱ ሲነቀል በማሳው ድንበር አለፍኩ። ያየህ ረጅሙን የብረት እግር ወስዶ የራሱን ሞተር አስቀምጦበታል። ቧንቧዬንም ገጥሞታል፤ ማንም እንዳይከፍተው እጀታውን በሽቦ ጠፍሮ አስሮታል። ሽቦውን ፈትቶ ዘይቱን ወደ ጀሪካን እያወረደ ነበር፤ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ቆሜ ሳየው ቀና አለና ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየኝ።

«ይኸ ነገርሽ እኮ ደግ ነው፣ ይርጌ» አለኝ። «እጅ አያቆሽሽም።»

«በርቱ» ብዬው አለፍኩ።